እጥፋቱን ከመሰየማችሁ በፊት፦ ለጂኦሎጂ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት አለት በማንበብ ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የተጣጠፈ የደለል ንጣፍ ስታገኙ ያጠፈውን ኃይል ለመሰየም አትቸኩሉ። ይህን የምለው በተለይ የጥንት የበረዶ ግግር ከሥሩ ያለውን አሸዋና ሸክላ እንዴት እንዳመሰቃቀለ ማጥናት ለምትፈልጉ ነው።

ኢትዮጵያዊ ስለ በረዶ ግግር ምን አገባው የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ትግራይ ውስጥ አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. የጂኦሎጂ ባለሙያዎቹ ዳው፣ ቤይትና ፀጋዬ ኃይሉ በሰሜን ኢትዮጵያ የጥንት በረዶ ትቶት የሄደ አለት መኖሩን ለዓለም አሳወቁ። የእዳጋ ዓርቢ አለቶች ዕድሜ ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በእንትጮ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ከ445 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረው፣ ሰሐራን የሸፈነው የበረዶ ዘመን አሻራ አለ። ያኔ የኢትዮጵያ ምድር ጎንድዋና የተባለው ጥንታዊ ታላቅ አህጉር ክፍል ሆና ወደ ደቡብ ዋልታ ቀርባ ነበር።

ወደ አሠራሩ ልግባ። አንድ ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ900 ቶን በላይ ይጫናል። ብዙ ተማሪ ደለሉን ያጠፈው ይህ ክብደት ይመስለዋል። በእኩል የተጫነ ክብደት ብቻውን ግን ንጣፉን ይጠቀጥቀዋል እንጂ አያጥፈውም። ወሳኙ ውሃው ነው። ከምድር ውስጥ የሚወጣው ሙቀትና የበረዶው ፍትጊያ ያቀለጠው ውሃ ወደ ደለሉ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ሸክላ ደግሞ ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም። መውጫ ያጣው ውሃ ሸክሙን ራሱ ይይዘዋል፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መጨባበጣቸው ይላላል፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ ግፊት ይበቃል። በክረምት መረሬ አፈር ላይ የተራመደ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ በበጋ መኪና የሚሸከመው መሬት ውሃ ሲጠግብ ከጫማ ሥር ይንሸራተታል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። የጂኦሎጂ ባለሙያው ጄፍሪ ቦልተን አይስላንድ ውስጥ በብሬይዳመርኩርዮኩል በረዶ ጠርዝ ሥር ምልክቶችን ደለሉ ውስጥ ቀብሮ እንቅስቃሴያቸውን ለካ። እዚያ ቦታ ላይ ከበረዶው ጉዞ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው የመጣው ከሥሩ ያለው ደለል በመንቀሳቀሱ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ በምዕራብ አንታርክቲካ የበረዶ ጅረት ሥር (ከዙሪያው በረዶ ፈጥኖ የሚጓዝ የበረዶ ክፍል ነው) በመሬት ውስጥ በሚያልፍ የንዝረት ሞገድ የተደረገ ጥናት ጥቂት ሜትር ውፍረት ያለው፣ ውሃ የጠገበ የደለል ንጣፍ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ስለ በረዶ ጉዞ የምናስበው ብዙ ተለውጧል፤ በረዶ መሬቱን እየፋቀ ብቻ ሳይሆን በሚፈስ መሬት ላይ ተቀምጦም ይሄዳል። ዛሬ አንታርክቲካ ባሕሩን ምን ያህል ከፍ ታደርገዋለች ብለው የሚያሰሉ ሰዎችም ይህን ደለል መቁጠር አለባቸው።

አሁን ወደ ለመንኋችሁ ነገር ልመለስ። በዴንማርክ ሞን ደሴት ላይ 128 ሜትር ከፍታ የሚደርስ የጠመኔ ገደል አለ። ጠመኔው 70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ነው፤ በውስጡ የተደረደሩት ጥቁር የባልጩት መስመሮች መጀመሪያ አግድም ነበሩ፣ ዛሬ ዘመው፣ ተጣጥፈው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተው ይታያሉ። የቀደሙት ሊቃውንት ይህን ያደረገው የምድር ውስጥ ኃይል ነው ብለው ነበር። በ1874 እ.ኤ.አ. የጂኦሎጂ ባለሙያው ፍሬድሪክ ዮንስትሩፕ የበረዶ ግፊት መሆኑን አስረዳ። የቀደሙት ሰነፎች አልነበሩም፤ እጥፋት በራሱ የአባቱን ስም ስለማይናገር ነው።

አሸዋ ገና አለት ሳይሆን የመሬት መንቀጥቀጥ ሊያጥፈው ይችላል። ከውሃ በታች ያለ ተዳፋትም ተንሸራትቶ ተመሳሳይ እጥፋት ይሠራል። እንግዲህ በምን ትለዩታላችሁ? መጀመሪያ ከላይ ያለውን ንጣፍ እዩ፤ እጥፋቱን ቆርጦ ራሱ ሳይታጠፍ ከተኛ፣ ድርጊቱ ከዚያ ንጣፍ በፊት ማለቁን ታውቃላችሁ። ቀጥላችሁ አቅጣጫ ለኩ፤ የእጥፋቶቹ ማጋደል፣ የተገፉት ንጣፎችና በአሸዋው ገጽ ላይ የተሳሉት ጭረቶች ወደ አንድ ወገን ካመለከቱ በረዶው መስክሯል ማለት ይቻላል። መንሸራተት የቀድሞውን ቁልቁለት ይከተላል፤ በረዶ ግን ዳገት ሊወጣ ይችላል። መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ ወጥ አቅጣጫ አይሰጣችሁም። ወደ ታች ስትወርዱም ለውጡን ተከተሉ፤ በረዶው ከነካው ገጽ አጠገብ ደለሉ ተቦክቶ መስመሩን ያጣል፣ ዝቅ ሲል ይታጠፋል፣ ከዚያ በታች ሳይነካ ይቆያል። በአልጄሪያ ታሲሊ ናጀር እንደሚታየው ጭረቱ ገና ለስላሳ በነበረ አሸዋ ላይ የተሳለ ከሆነ ምስክርነቱ ይጠነክራል።

ስልካችሁ ጥሩ ፎቶግራፍ ያነሳል፤ እናንተ ግን ሳሉ። እጃችሁ መስመር ሲያሰምር የትኛው ንጣፍ የትኛውን እንደቆረጠ መወሰን አለበት፤ ፎቶግራፍ ይህን አይጠይቃችሁም።

ደግሞ ይህ እውቀት ለወረቀት ብቻ አይደለም። የሊቢያ ሙርዙቅ ተፋሰስ ነዳጅ ዘይት የሚገኝባቸው አንዳንድ አሸዋ ድንጋዮች ከዚያው የሰሐራ በረዶ ዘመን የቀሩ ናቸው። ጉድጓድ ለሚቆፍር የውሃ ባለሙያም ሸክላው ሳይቋረጥ መዘርጋቱን ወይም በበረዶ ተገፍቶ መቆረጡን ማወቅ ልፋትና ገንዘብ ያተርፍለታል። እንትጮ ወይም እዳጋ ዓርቢ ስትሄዱ በረዶ የተወው አለት ከታችኛው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ፈልጋችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ የለካችሁትን አቅጣጫ ሁሉ፣ ከሐሳባችሁ ጋር የማይስማማውንም ጭምር፣ በማስታወሻችሁ ጻፉ።