ሴሬብሮን ሊኑክስ ላይ እንዴት እንጫን? ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት አመሻችሁ። ባለፈው ከደሴ ስንወርድ ሀረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ልጅ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ "ኢላስቲክሰርች ጫንኩ፣ ሰራ፣ ግን ውስጡ ምን እንዳለ በምን ልየው፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ካርል የሚባለውን ኮማንድ ስጽፍ ልሞት ነው" አለኝ፣ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ኮምቦልቻ ደረስን አላለቀም፣ ስልክ ቁጥሬን ሰጥቼው ወረድኩ፣ ከዛ ጓደኞቹ በሙሉ ይደውላሉ። እሱ የሚፈልገው ሴሬብሮን ነው፣ ኢላስቲክሰርች የሚባለው የፍለጋ ሞተር ውስጥ ያለውን ብሮውዘር ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ እዚሁ እንጨርሰው። ኮማንዶቹን በኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው፣ ኮፒ ፔስት የለም፣ በእጃችሁ ጻፉት፣ እኔም የተማርኩት እንደዛ ነው።

ጥያቄ፦ ሴሬብሮ ማለት ኢላስቲክሰርች ነው ወይስ ሌላ ነገር?

መልስ፦ ሌላ ነው። ኢላስቲክሰርች ዳታውን ይዞ የሚፈልገው ሞተር ነው፣ በፖርት (በበር ቁጥር በለው) 9200 ያናግሩታል። ሴሬብሮ ደግሞ ብሮውዘር ላይ የሚከፈት መስኮት ነው፣ ኖዶቹን (ማሽኖቹን)፣ ኢንዴክሶቹን (የዳታ ስብስቦቹን)፣ ሻርዶቹን (የኢንዴክስ ቁራጮቹን) በሳጥን በሳጥን አድርጎ ያሳይሃል፣ በፖርት 9000 ይነሳል። የራሱ ዳታ የለውም ማለት ይቻላል፣ ብታጠፋው ክላስተሩ (አብረው የሚሰሩት ኖዶች) ምንም አይሆንም። ይሄን ያልኩት ወድጄ አይደለም፣ ሰርች አልሰራ ሲል ሴሬብሮን ነቅሎ ደግሞ የሚጭን ሰው አይቻለሁ፣ መስታወት ሰብሮ ፊቱን እንደማስተካከል ነው።

ጥያቄ፦ እሺ ኡቡንቱ ላይ ከዜሮ ንገረን፣ እኔ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ፣ ፕሮጀክት አለብኝ፣ ጊዜ የለኝም።

መልስ፦ አብሽር፣ አስር ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ጃቫ፦ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኦፕንጄዲኬ ሰረዝ 11 ሰረዝ ጄአርኢ ሰረዝ ሄድለስ። "ኢላስቲክሰርች ያለ ጃቫ ሰርቶልኝ የለ እንዴ" እንዳትለኝ፣ እሱ ከ7 ጀምሮ የራሱን ጃቫ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሴሬብሮ ግን ከሲስተሙ ነው የሚፈልገው። ከዛ ጊትሃብ (የፕሮግራም ኮድ የሚቀመጥበት ድረገጽ) ላይ ሪሊዝ የሚለው የሴሬብሮ ገጽ ጋ 0.9.4 የሚለውን ታገኛለህ፣ የ2021 ነው፣ ዴብም (በኡቡንቱ መንገድ የሚጫነው) አለ ታርም (ታሽጎ የሚፈታው ፎልደር) አለ። እኔ ታሩን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚሆን ሲበላሽ የት እንደምሄድ አውቃለሁ። ኦፕት የሚለው ፎልደር ውስጥ ፍታው፣ ሴሬብሮ የሚባል ዩዘር ፍጠርለት፣ ፎልደሩን በቾውን (ባለቤት በሚቀይረው ኮማንድ) ለዛ ዩዘር ስጠው። ይቺን አትዝለላት! ሴሬብሮ የሬስት ታሪኩን (ሬስት በሚለው ገጹ የላክኸውን ጥያቄ) የሚያስቀምጥባት ሴሬብሮ ነጥብ ዲቢ የምትባል ትንሽ ፋይል አለች፣ ዩዘሩ መጻፍ ካልተፈቀደለት ዳታቤዝ ፋይል መክፈት አልቻልኩም ብሎ ይጮሃል፣ ሰው ደግሞ የኢላስቲክሰርች ዳታቤዝ መስሎት ይደነግጣል። ከዛ ቢን ውስጥ ያለውን ሴሬብሮ በዛው ዩዘር አስነሳው፣ ብሮውዘር ላይ ሎካልሆስት (ራሱ ማሽኑ ማለት ነው) 9000 በል፣ የኖድ አድራሻ ሲጠይቅህ ኤችቲቲፒ ሎካልሆስት 9200 ስጠው። በቃ። ሰራ ካልክ በኋላ ሲስተምዲ ሰርቪስ (ሊኑክስ ራሱ ከጀርባ እንዲያስነሳው የሚያደርግ ፋይል) ጻፍለት፣ አለዚያ ተርሚናሉን የዘጋህ ቀን አብሮ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ እኔ ያልከውን አድርጌ ገና ስጀምረው ረጅም ቀይ ኤረር ያወጣል፣ መጨረሻው ላይ ጃቫ ላንግ ኦፕን አይደለም ምናምን ይላል።

መልስ፦ ጃቫህ 17 ወይም ከዛ በላይ ነው አይደል? እዩት እስቲ፣ ጃቫ ሰረዝ ቨርዥን በሉ። 0.9.4 የተሰራው በ11 ዘመን ነው፣ አዲሶቹ ጃቫዎች ደግሞ የውስጥ ክፍላቸውን ቆልፈውታል፣ ሴሬብሮ የሚጠቀምበት ላይብረሪ እዛ ክፍል መግባት ይፈልጋል፣ አይፈቀድለትም፣ ይሞታል። 11ን ጎን ለጎን ጫንና ሰርቪስ ፋይሉ ላይ ጃቫ ሆም ወደ 11 እንዲያይ አድርግ፣ ሌላው ሲስተም በ17 ይቀጥል። ደቢያን 12 ላይ ያላችሁ 11ን በአፕት አታገኙትም፣ እናንተ በዶከር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው አሽጎ ኮንቴይነር በሚባል ሳጥን ውስጥ የሚያስነሳ) ሂዱ፣ ኢሜጁ (እሽጉ) ጃቫውን ይዞት ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ በዶከር አነሳሁት፣ ሎካልሆስት 9200 ስለው ኮኔክሽን ሪፊውዝድ (አላገናኝም) ይለኛል።

መልስ፦ ኮንቴይነሩ ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ኮንቴይነሩ ራሱ ነው። ሁለቱን አንድ ዶከር ኔትወርክ ላይ አድርጋቸውና በኮንቴይነሩ ስም ጥራው።

ጥያቄ፦ ኢላስቲክሰርች 8 ነው የጫንኩት፣ ሴሬብሮ አልገባልኝም አለ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው 8 ገና ስትጭነው ሴኩሪቲው በርቶ ነው የሚመጣው፣ ኤችቲቲፒኤስ ነው፣ ፓስወርድ አለው፣ ሰርተፊኬቱንም ራሱ ነው የፈረመው። ሴሬብሮ ያንን ሰርተፊኬት አያምነውም፣ ኮንፊጉ ላይ ማንኛውንም ሰርተፊኬት ተቀበል የሚል መስመር ጨምረህ ታስገባዋለህ፣ ግን ከገባህም በኋላ አንዳንዱ ገጽ ይሰራል አንዳንዱ አይሰራም፣ ምክንያቱም ሴሬብሮ መታደስ ካቆመ ቆይቷል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ኤክስፓክ ሴኩሪቲን (ያንን ጥበቃ) ፎልስ አድርጎ ያጠፋዋል፣ እኔ አልወደውም፣ ለመስኮቱ ብለህ የቤቱን በር መንቀል ነው። ቀጥታ ልንገርህ፣ 7 ላይ ከሆንክ ሴሬብሮ፣ 8 ላይ ከሆንክ ኢላስቲክቪው፣ እሱም እንደ ሴሬብሮ ያለ መስኮት ነው። ኢላስቲክቪውን የብሮውዘር ኤክስቴንሽን አድርገህ ትጭነዋለህ፣ ጃቫ የለ ሰርቪስ የለ። የኢላስቲክ ዩዘሩ ፓስወርድ ከጠፋህ ደግሞ ቢን ውስጥ ኢላስቲክሰርች ሪሴት ፓስወርድ የሚል አለ፣ በሱ አዲስ አውጣ።

ጥያቄ፦ ኪባናስ?

መልስ፦ ኪባና (የኢላስቲክሰርች ሰሪዎች የራሳቸው መስኮት) ጥሩ ነው ግን ከባድ ነው፣ ቨርዥኑም ከኢላስቲክሰርች ጋር መግጠም አለበት። ግራፍና ዳሽቦርድ የምትፈልግ ከሆነ እሱን። ሻርድ የት እንዳለ ለማየት ብቻ ከሆነ በዛብህ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እኔ ላይ ሴሬብሮ ሲከፈት ከላይ ያለው መስመር ቢጫ ነው። ቫይረስ ነው? ሁለት ቀን እንቅልፍ የለኝም።

መልስ፦ ኧረ ተኚ እህቴ! ቢጫ ማለት ዳታሽ አለ፣ ትርፍ ኮፒው ግን የሚቀመጥበት አላገኘም ማለት ነው። ኢላስቲክሰርች ለእያንዳንዱ ኢንዴክስ ሳትጠይቂው አንድ ሬፕሊካ (ትርፍ ኮፒ) ይመድባል፣ ሬፕሊካውን ደግሞ ዋናው ያለበት ማሽን ላይ አያስቀምጠውም፣ ትርፍ ቁልፍን ከዋናው ጋር በአንድ ቀለበት እንደማሰር ስለሚሆን። ያለሽ አንድ ማሽን ነው፣ ስለዚህ ሬፕሊካው ሜዳ ላይ ቀረ። የኢንዴክሱ ሴቲንግ ውስጥ ነምበር ኦፍ ሬፕሊካስ የሚለውን 0 አድርጊው፣ ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል። ወይም ሁለተኛ ማሽን ጨምሪ፣ ይሄኛው ነው እውነተኛው መፍትሄ።

ጥያቄ፦ ቢሮው ኮምቦልቻ ነው፣ እኔ የማድረው ደሴ ነው፣ ቤቴ ሆኜ እንዳየው 9000ን ለኢንተርኔት ልክፈተው?

መልስ፦ አይሆንም! ወላሂ ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሴሬብሮ ስትጭነው ፓስወርድ የለውም፣ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ይገባል፣ ገብቶም ማየት ብቻ አይደለም፣ ኢንዴክስ ማጥፋት ይችላል። በ2017 ክፍት የተገኙ ኢላስቲክሰርቾችን ዳታ አጥፍተው ገንዘብ ክፈሉ የሚሉ ነበሩ፣ በ2020 ደግሞ ገንዘብም ሳይጠይቁ ዝም ብለው የሚያጠፉና "ሚያው" የሚል ጽሁፍ ብቻ ትተው የሚሄዱ መጡ። ማንም አንተን ለይቶ አይደለም የሚመጣው፣ ሮቦት ነው፣ ፖርት ያንኳኳል፣ ከተከፈተለት ይገባል፣ ደሴ ሁን ዱባይ አይለይም። የሚሻለው የኤስኤስኤች ቶኔል (ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባ የተቆለፈ መንገድ) ነው፦ ኤስኤስኤች፣ ሰረዝ ትልቁ ኤል፣ 9000 ሁለት ነጥብ ሎካልሆስት ሁለት ነጥብ 9000፣ ከዛ ዩዘርህና የሰርቨሩ አድራሻ። ከዛ ደሴ ቁጭ ብለህ ብርድ ልብስህን ተከናንበህ የራስህ ብሮውዘር ላይ ሎካልሆስት 9000 ትላለህ፣ የኮምቦልቻው ይከፈትልሃል። ሴሬብሮውንም ስታስነሳው ኤችቲቲፒ ነጥብ አድሬስ 127.0.0.1 በለው፣ ከውጭ ጭራሽ እንዳይሰማ። ቢሮ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ አፕሊኬሽን ነጥብ ኮንፍ ውስጥ ኦዝ የሚለው ክፍል አለ፣ ቤዚክ አድርገህ ዩዘርና ፓስወርድ ስጥ፣ እዛው ሴክሬት የሚለውንም ቀይረው፣ ያለው ቃል ጊትሃብ ላይ ለዓለም ተጽፎ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ነኝ፣ የመጻሕፍት ካታሎግ በዚህ ነገር አስገብተውልኛል። "ሐይቅ" ብዬ ስፈልግ ግማሹ ብቻ ነው የሚመጣው።

መልስ፦ ጋሼ ጥያቄዎ የዛሬው ምርጥ ነው። መጻሕፍቱን የመዘገቡት ሰዎች አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ ሀይቅ፣ አንዱ ሃይቅ፣ አንዱ ኃይቅ ብለው ጽፈውታል፣ ለእርስዎና ለኔ አንድ ነው፣ ለማሽኑ ግን አራት የተለያየ ቃል ነው። ኢላስቲክሰርች ለአረብኛም ለሌላውም የተዘጋጀ አናላይዘር (ቃላቱን ለፍለጋ የሚያዘጋጅ) አለው፣ ለአማርኛ የለውም፣ እኛው ነን የምንሰራው። ለጫነልዎት ልጅ እንዲህ ይበሉት፦ ማፒንግ የሚባል ካራክተር ፊልተር (ፊደል በፊደል የሚቀይር) ጨምር፣ ሐንም ኀንም ሃንም ሓንም ኃንም ወደ ሀ መልስ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ እነ ሑና ሒም እንዳይቀሩ ሁሉንም እርባታ። ቀድሞ የገባው ዳታ በራሱ አይስተካከልም፣ በአዲስ ኢንዴክስ ሪኢንዴክስ ማድረግ (እንደገና ማስገባት) አለበት። ሴሬብሮ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፣ አናሊሲስ የሚል ገጽ አለው፣ እዛ አራቱንም ሐይቆች ጽፎ አንድ ሆነው መውጣታቸውን ያያል። አንድ የሚቀርዎት፣ "የሐይቅ" እና "ሐይቅን" አሁንም ለብቻ ናቸው፣ ቅጥያ የሚቆርጥ ነገር ለአማርኛ አብሮ አልመጣም።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ ክላስተሩ ቀይ ሆነ፣ ሴሬብሮም አልነሳም አለ። ያረቢ!

መልስ፦ ሁለቱ የተለያየ ነው። ሴሬብሮው ፕሮሰሱ እየሰራ ነው ብሎ ከሆነ እምቢ ያለው፣ መብራቱ ከመሄዱ በፊት የተጻፈ ራኒንግ ፒአይዲ የሚባል ፋይል (እየሰራሁ ነው የሚል ምልክት) ቀርቷል፣ እውነት እየሰራ አለመሆኑን አይና አጥፋው፣ ኮንፊጉ ላይም ፒድፋይል ነጥብ ፓዝን ዴቭ ነል አድርግ፣ ሁለተኛ አያስቸግርህም። ቀዩ ግን ዋናው ሻርድ ቦታውን አላገኘም ማለት ነው። መጀመሪያ ሻይህን ጠጣ፣ የምሬን ነው፣ ከሪስታርት በኋላ ሻርዶቹን እስኪያነሳ ጥቂት ጊዜ ቀይ መሆኑ ያለ ነው። ካልተለወጠ ሴሬብሮ ውስጥ ሬስት የሚለው ገጽ ላይ ክላስተር አሎኬሽን ኤክስፕሌይን ብለህ ጠይቀው፣ ለምን እንዳልተቀመጠ በጽሁፍ ይነግርሃል። አምስቴ ሞክሮ ተስፋ የቆረጠ ከሆነ ሪራውት፣ ሪትራይ ፌልድ ትሩ ብለህ እንደገና አስሞክረው። ኢንዴክሱን አጥፍቼ ልጀምር የሚለው የመጨረሻ ነው፣ የመጀመሪያ አታድርገው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ግዛ ብዬ ደግሞ አልመክርህም፣ አንተው ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ የሰርቨሬ ራም (ሚሞሪው) 4 ጂቢ ብቻ ነው።

መልስ፦ ኢላስቲክሰርች ከ7.11 ወዲህ ሳትነግረው ግማሹን ይወስዳል፣ ሴሬብሮም ጃቫ ነው። ሴሬብሮን ላፕቶፕህ ላይ ጫንና በቶኔል 9200ን አምጣው፣ ሰርቨሩን ለሞተሩ ተውለት።

ጥያቄ፦ ዳታ ማስገባት ድንገት እምቢ አለኝ፣ መፈለግ ግን ይሰራል።

መልስ፦ ዲስክህን እይ። 85 ፐርሰንት ሲያልፍ አዲስ ሻርድ አያስቀምጥም፣ 90 ላይ ያለውን ወደ ሌላ ኖድ ሊያሸሽ ይሞክራል፣ 95 ላይ ኢንዴክሱን ከመጻፍ ይቆልፈዋል። ሴሬብሮ የኖዶቹን ዲስክ በፐርሰንት ያሳይሃል። ቦታ ስታስለቅቅ ከ7.4 ወዲህ ቁልፉ በራሱ ይከፈታል፣ ከዛ በታች ከሆንክ በእጅህ ነው።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ የሰራኸው ትልቁ ስህተት? እውነቱን።

መልስ፦ እሺ፣ ሳቁብኝ። ሁለት ታብ ከፍቼ ነበር፣ አንዱ የሙከራ አንዱ የእውነተኛው፣ ሁለቱም ሴሬብሮ፣ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ዴሊት አልኩ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ እንደ ሁሌው ሳላነብ እሺ አልኩ፣ ዞር ስል የሙከራው ኢንዴክስ ቁጭ ብሏል። ያዳነኝ የሌሊቱ ስናፕሾት (ኢላስቲክሰርች ራሱ የሚያወጣው ባክአፕ) ነው፣ የጠዋቱን ስራ ግን በእጃችን ከወረቀት ነው የመለስነው፣ ለባልደረቦቼ ለሳምንት ቡና የጋበዝኩት እኔ ነኝ። ከዛ ወዲህ ክላስተር ኔም የሚለውን አንዱን "ሙከራ" በሚያስብል ስም ቀየርኩት፣ ሴሬብሮ ከላይ ስሙን ስለሚያሳይ። ስናፕሾት ለመጀመር ኢላስቲክሰርች ያምል (የኮንፊግ ፋይሉ) ላይ ፓዝ ነጥብ ሪፖ ብለህ የሚቀመጥበትን ፎልደር ትሰጣለህ፣ ሪስታርት፣ ከዛ ሴሬብሮ ውስጥ ሪፖዚቶሪ ትፈጥራለህ። ብዙ ኖድ ካለህ ፎልደሩ ሁሉም የሚያዩት ሼርድ መሆን አለበት። የዳታ ፎልደሩን በሲፒ ገልብጫለሁ፣ ባክአፕ አለኝ የምትሉ ደግሞ የላችሁም፣ እየሰራ ያለን ፎልደር ስትገለብጡ ግማሽ የተጻፈ ነው የምትይዙት።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሚኒባሱ ልጅ ሰራለት?

መልስ፦ ትናንት ደወለ። ጃቫ 21 ነበር የጫነው።