እውነት መሆኑ ብቻ ይበቃል? ስለ ስም ማጥፋትና ስለ ግል ሕይወት ለተነሣው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ውድ እህታችን፣ ያቀረቡትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ያወጣው የግንባታ ጨረታ ከደንብ ውጭ ለአንድ ተቋራጭ መሰጠቱን የሚያሳዩ ሰነዶች እጅዎ ገብተዋል። ሰነዱን የሰጡዎት ሰው በዚያው ስለ ተቋራጩ ፍቺና ስለ ሕመሙም አጫውተውዎታል። አዘጋጅዎ ደግሞ «ስሙን በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ጻፊው፣ ‹ይባላል› የምትል ቃል ጨምሪበት፣ ፎቶውን ከፌስቡክ ገጹ ውሰጂ፤ ነገሩ እውነት እስከሆነ ድረስ ማንም ሊከሰን አይችልም» ብለውዎታል። ይህ ምክር ያዋጣል ወይ፣ ለእስርስ ያበቃል ወይ ነው ጥያቄዎ። በአዲስ አበባ በግል ጋዜጦች በመጀመሪያ በዘጋቢነት፣ በኋላም በአዘጋጅነት ሠርቻለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት በስም ማጥፋት ክስ ፍርድ ቤት የቆሙ ባልደረቦቼን ጉዳይ ከምርመራው ዴስክ እስከ ችሎቱ ድረስ ተከታትያለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ከሕጉ ጋር እያያዝኩ ላስረዳ።

ምክሩ በአብዛኛው አያዋጣም። ዋናው ምክንያት አዘጋጅዎ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ ማየታቸው ነው። ስለ ጨረታው የሚጽፉት የስም ማጥፋት ጥያቄ ያስነሣል፤ እዚያ ላይ እውነት ትልቅ መከላከያ ነው። ስለ ፍቺውና ስለ ሕመሙ የሚጽፉት ግን የግል ሕይወትን የሚመለከት ነው፤ እዚያ ላይ ነገሩ እውነት መሆኑ መልስ አይሆንም። እንዲያውም የግል ምስጢር ሰውን የሚጎዳው እውነት ስለሆነ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። አንቀጽ 29 ማንኛውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ (ሳንሱር) ይከለክላል፤ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትንም ዕድል ያረጋግጣል። በንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ ገደብ ሊጣል የሚችለው የሐሳቡ ይዘት ስላልተወደደ ሳይሆን የወጣቶችን ደኅንነት ወይም የሰዎችን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሚወጣ ሕግ መሆኑን ይገልጻል። አንቀጽ 24 ክብርንና መልካም ስምን፣ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃሉ። ብዙ ወጣት ጋዜጠኞች አንቀጽ 29ን በቃል ይዘው ሌሎቹን ሁለቱን ሳያነቡ ወደ ሥራ ይገባሉ፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከሳሽ ይዞ የሚቀርበው እነዚያን ሁለቱን ነው።

አሁን ወደ ስም ማጥፋቱ ልግባ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 ጥፋት የሚለው በንግግር፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ በሕይወት ያለን ሰው የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ ማድረግና ታማኝነቱን፣ መልካም ስሙን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ መጣልን ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ መኖሩ የግድ አስፈላጊ አለመሆኑን ይናገራል። «ክፉ አላሰብኩም» የሚለው መልስ ብቻውን የማያድነው ለዚህ ነው። አንቀጽ 2047 የተባለው ነገር እውነት መሆኑን ላስረዳ ሰው መከላከያ ይሰጣል፤ ሆኖም ጸሐፊው ያንን ሰው ለመጉዳት ብቻ አስቦ ከጻፈው እውነትም አያድነውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ያስተውሉ። ሕጉ እውነት መሆኑን «ላስረዳ» ነው የሚለው። የማስረዳቱ ሸክም በጻፈው ሰው ላይ ነው፤ ከሳሹ ሐሰት መሆኑን እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም። እርስዎ እውነቱን ማወቅዎና ችሎት ፊት ማስረዳት መቻልዎ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቅርብ ከተከታተልኳቸው ጉዳዮች በአንዱ ዘገባው በመሠረቱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ሰነዱን የሰጠው ሠራተኛ ሥራውን ስለፈራ ለምስክርነት አልቀረበም፣ በእጅ ያለው ሰነድም ማኅተሙ በቅጡ የማይነበብ ፎቶ ኮፒ ነበር፣ ዋናው ደግሞ በከሳሹ ወዳጆች ቢሮ ነው ያለው። ዳኛው ጠንክረው የጠየቁት ዘገባው በወጣበት ዕለት ዝግጅት ክፍሉ እጅ ምን ማስረጃ እንደነበረ ነው። ከዚያ በኋላ በምመራው ዴስክ ዘጋቢው ከመጻፉ በፊት እያንዳንዱ ከባድ ዓረፍተ ነገር በየትኛው ሰነድ ወይም በየትኛው ምስክር እንደሚደገፍ በዳር እንዲያስቀምጥልኝ አደርግ ነበር። እርስዎም ምንጭዎን ዛሬውኑ ይጠይቁ፦ ነገር ቢመጣ ይቆማሉ? ካልቆሙ፣ ያንኑ መረጃ በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻላል? የአዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘት መብት ክፍል መንግሥታዊ አካላት የያዙትን መረጃ በጽሑፍ ለመጠየቅ ያስችልዎታል። የጨረታ ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ይጠይቁ። ባይሰጡዎት እንኳ ጠይቀው መከልከልዎን የሚያሳየው ደብዳቤ በጥንቃቄ ለመሥራትዎ ማስረጃ ይሆናል።

«ይባላል» የምትለው ቃል ጋሻ አትሆንም። ወሬን ተቀብሎ ያተመ ሰው ራሱ እንደ ተናጋሪ ይቆጠራል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ መናገሩ ያተመውን ከኃላፊነት አያወጣውም። የስም የመጀመሪያ ፊደልም እንዲሁ ነው። በዚያ ወረዳ ጨረታውን ማን እንዳሸነፈ የማያውቅ የለም፤ አንባቢ ሰውየውን ከለየው ስሙ ተጠርቷል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፊደሉ የሚመሳሰል ሌላ ተቋራጭ «እኔን ነው» ብሎ ቢመጣስ? በቂ ማስረጃ ካለዎት ስሙን በሙሉ ይጻፉ፤ ከሌለዎት በፊደልም አይጻፉት።

የሌላን ሰው ቃል መዘገብ በሕግ የተለየ ጥበቃ የሚያገኝበት ቦታ አለ። አንቀጽ 2048 በፓርላማ ክርክርና በፍርድ ቤት ሒደት ለተነገረ ቃል ከኃላፊነት ነፃ መሆንን ይሰጣል፤ ያንን በታማኝነት የዘገበም ሰው ተጠያቂ የሚሆነው ለመጉዳት ብቻ ካሰበ ነው። ይህ በግልጽ ችሎት የተባለውን በድፍረት ለመዘገብ ያስችላል። ነገር ግን የፖሊስ መግለጫ የችሎት ቃል አይደለም፤ የዐቃቤ ሕግ ክስም ፍርድ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአገራችን ገና ፍርድ ያላገኙ ሰዎች እጃቸው ታስሮ በቴሌቪዥን ሲቀርቡ፣ ስለ እነርሱም ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ማየት የተለመደ ነው። ልማዱ መበርከቱ ትክክል አያደርገውም፤ እኛም ልንከተለው አይገባም።

ቃላትዎን ሲመርጡ ፍሬ ነገርንና አስተያየትን ይለዩ። «ሰረቀ» ብለው ከጻፉ የሰውየውን ሐሳብ ጭምር ማስረዳት አለብዎት፤ ያን ደግሞ ያለ ፍርድ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። «ሦስት ተጫራቾች ቀርበው ነበር፤ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ድርጅት የወደቀበት ምክንያት በቃለ ጉባኤው አልተመዘገበም፤ የቴክኒክ ነጥቡም ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ተሰርዞ ተጽፏል» ዓይነት አጻጻፍ ግን፣ ሰነዱ ያንን የሚያሳይ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ክፍል የሚረጋገጥ ነው፤ ለአንባቢም ከስድቡ ይልቅ ብዙ ይነግረዋል። ይህን ካስቀመጡ በኋላ «ይህ አሠራር የሕዝብን ገንዘብ ለብክነት ያጋልጣል» ብለው አስተያየት ቢሰጡ አንቀጽ 2046 ከጎንዎ ይቆማል። ይህ አንቀጽ ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ የተሰጠ አስተያየት የሰውን ስም ቢነካ እንኳ፣ ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ካልተናገረው በስተቀር ጥፋት አይለውም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየውይይቱ የሚጠቅሱት አንድ ደንብ አለ። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ታይምስና በሱሊቫን መካከል በነበረው ክርክር በሰጠው ውሳኔ አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ካሳ የሚያገኘው ጋዜጣው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ሐሰት መሆኑ ሳይገደው ማተሙን ካስረዳ ነው ተብሏል። ታላቅ ውሳኔ ነው፤ ግን አዲስ አበባ ላይ ሕግ አይደለም፤ የእርስዎም ተቋራጭ ባለሥልጣን አይደለም። ለእኛ የሚቀርበው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመርሖች መግለጫ ነው። እውነት ለሆነ ነገር፣ ለአስተያየት፣ እንዲሁም በሁኔታው ሲታይ መናገሩ ምክንያታዊ ለነበረ ቃል ማንም ተጠያቂ መሆን የለበትም ይላል፤ የሕዝብ ሰዎችም ከሌላው ይበልጥ ትችትን መታገሥ እንዳለባቸው ያስገነዝባል።

ምክንያታዊ ሆኖ መገኘት ደግሞ በአብዛኛው የሚለካው ለተወቃሹ ዕድል በመስጠትዎ ነው። በዚያን ጊዜ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1999 እ.ኤ.አ. የአየርላንድ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሬይኖልድስ ጋዜጣ በከሰሱበት ጉዳይ ሲፈርድ ከዘረዘራቸው መመዘኛዎች መካከል የክሱ ክብደት፣ የምንጩ ማንነት፣ ለማጣራት የተደረገው ጥረትና የተወቃሹ ወገን ቃል መካተቱ ይገኙበታል። አስገዳጅነቱ ለእኛ ባይሆንም ለዴስክ ሥራ የሚሆን ጥሩ መመሪያ ነው። ማታ ስልክ ደውሎ «ሊገኙ አልቻሉም» ብሎ መጻፍ ዕድል መስጠት አይባልም። ለተቋራጩም ለወረዳውም ሰነዱ የሚያሳየውን ነጥብ በነጥብ ጽፈው ይላኩ፣ የሚመልሱበትን በቂ ቀን ይወስኑ፣ የላኩበትን ማስረጃ ይያዙ። ከልምዴ እንዳየሁት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ዘገባውን ያጠነክረዋል፤ ሰውየው ሲክድ ሳያውቀው ሌላ ሰነድ ይጠቅሳልና።

ስለ እስር ጠይቀዋል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል ተጠያቂነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አድርጎታል። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትም በ2014 እ.ኤ.አ. በቡርኪና ፋሶው ጋዜጠኛ በሎሄ ኢሳ ኮናቴ ጉዳይ፣ ስም በማጥፋት የተፈረደው እስራት የአፍሪካን ቻርተር የሚጥስ ነው ብሏል። ይሁን እንጂ ወደ ራስዎ የፌስቡክ ገጽ ሲሄዱ ይጠንቀቁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል በኮምፒውተር ሥርዓት ማሰራጨትን በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ አድርጎታል፤ ቅጣቱም እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ዘገባው በጥንቃቄ ተጽፎ ወጥቶ ዘጋቢው ማታ በገጹ ላይ «ይህ ሌባ በመጨረሻ ተጋለጠ» ብሎ ሲያጋራው በተደጋጋሚ አይቻለሁ። እባክዎ ይህን አያድርጉ።

ካሳውም ቀላል ነገር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሕሊና ጉዳት ካሳን በ1,000 ብር ስለወሰነው ብዙዎች ይንቁታል። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመገናኛ ብዙኃን ለሚደርስ ስም ማጥፋት ያንን እስከ 100,000 ብር ከፍ አድርጎት ነበር፤ ያ ክፍሉ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተተክቷልና የዛሬውን ጣሪያ ከአዲሱ ሕግ ይመልከቱ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተቋራጩ «በዘገባችሁ ምክንያት ይህን ያህል ውል አጣሁ» ብሎ የሚጠይቀው የቁሳዊ ጉዳት ካሳ የሕሊና ጉዳት ጣሪያ አይገድበውም።

ወደ ፍቺውና ወደ ሕመሙ ልመለስ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፤ ይህን ሳልጽፍ ብተወው ዘገባው ይጎድለዋል? የቀድሞ ባለቤቱ በጨረታ ኮሚቴው ውስጥ አባል ከነበሩ ጋብቻው የጥቅም ግጭትን ስለሚያሳይ ዘገባው ውስጥ ቦታ አለው፤ ያም ቢሆን የተጋቡበትንና የተለያዩበትን ጊዜ ብቻ እንጂ ለምን እንደተለያዩ አይደለም። ካልነበሩ ግን አንዲትም ቃል አይጻፉ። ሕመሙ ከጨረታው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ምንጭዎ ይህን ለምን እንደነገሩዎት ጭምር ያስቡበት፤ ስለ ሰው ሕመም በራሱ ፈቃድ የሚያወራ ምንጭ ቂም ሊኖረው ይችላል፤ ቂም ካለ ደግሞ ስለ ጨረታው የነገሩዎትንም ሁለት ጊዜ ማጣራት ይገባዎታል።

ፎቶውን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሳየትንና ማባዛትን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ሰውየው የታወቀ ወይም የሕዝብ ሥልጣን ያለው ሲሆን፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ድርጊት ጋር ሲያያዝ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ሰውየው የሠርጉን ፎቶ ለወዳጆቹ በፌስቡክ መለጠፉ እርስዎ ስለ ሙስና በሚጽፉት ዘገባ ላይ እንዲወጣ ፈቅዷል አያሰኝም፤ በፎቶው ላይ አብረው የቆሙት እናቱና ልጆቹ ደግሞ በጭራሽ የዘገባው ሰዎች አይደሉም። የግንባታ ሥፍራውን፣ የድርጅቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም የሰነዱን ገጽ ያንሡ። አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ በበጎ ሐሳብ የሕመምተኞች ክፍል አስገብታን ፎቶ እንድናነሣ ፈቅዳልን ነበር፤ የሕመምተኞቹን ፈቃድ ግን ነርሷ ልትሰጠን አትችልምና ባዶ አልጋዎቹን ብቻ አንሥተን ወጣን፤ የመድኃኒት እጥረቱን ለማሳየትም በቂ ነበር።

ዘገባው ከወጣ በኋላ ቅሬታ ቢመጣ አይቆጡ፣ ጽሑፉንም በድብቅ አያጥፉ። አንቀጽ 2049 ጋዜጣው ለመጉዳት ሳያስብና ከባድ ቸልተኝነት ሳይኖርበት ያወጣውን ተበዳዩ ሲጠይቅ ወዲያው አንሥቶ ይቅርታ ካተመ ጥፋት እንደሌለበት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ስሕተት ከተገኘ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን በቶሎ ያርሙ፤ ስሕተት ከሌለም የሰውየውን መልስ ያትሙ። ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ የተሰጠው ጊዜ በአንቀጽ 2143 መሠረት ሁለት ዓመት ነውና ማስታወሻ ደብተርዎን፣ የድምፅ ቅጂዎቹን፣ የላኳቸውን ደብዳቤዎችና የሰነዶቹን ቅጂ ቢያንስ እስከዚያ ድረስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ፤ የምንጭዎን ማንነት የሚያሳየውን ክፍል ግን ከእነዚህ ለይተው በዝግጅት ክፍሉ የጋራ ኮምፒውተር ላይ እንዳይገኝ ያድርጉ።