የግል ወይስ የመንግሥት ትምህርት ቤት? ወጪውን ስናነጻጽር

እህቴ፣ «ልጄን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥቼ የግል ላስገባው አስቤያለሁ፤ ክፍያው ግን የገቢያችንን ሲሶ ይወስዳል፤ ያዋጣል ወይ?» ብለው ላነሡት ጥያቄ፣ አንዱን ልጄን በግል፣ ሌላዋን በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳስተማረ ወላጅ የማውቀውን ላካፍልዎ።

ሊታሰብ የሚገባው የዘንድሮው ወርሃዊ ክፍያ ሳይሆን ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። መመዝገቢያው፣ የደንብ ልብሱ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሸጣቸው መጻሕፍትና የሰርቪሱ ሒሳብ በክፍያው ላይ ሲደመሩ በማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ቁጥር እጅግ ይርቃሉ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ጭማሪው ነው፤ ክፍያው በየዓመቱ 10 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ አንደኛ ክፍል የከፈሉት ስምንተኛ ክፍል ላይ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። የእኛም ቤት ገቢ በዚያ ፍጥነት አላደገም። አቅም አንሶ ልጅን በመሀል ከጓደኞቹና ከመምህራኑ መነጠል ደግሞ ከመጀመሪያው ካለማስገባት የከፋ ጉዳት አለው።

በእርግጥ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ወጪ የለውም ማለት አይቻልም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው በዓለም ላይ ለትምህርት ከሚወጣው ገንዘብ 30 በመቶ ያህሉን የሚሸፍኑት ቤተሰቦች ናቸው። ክፍሉ በተማሪ ሲጨናነቅ ለልጄ በሳምንት ሁለት ቀን አስጠኚ ቀጥሬላታለሁ፤ ሆኖም የዚህ ሁሉ ድምር ከወንድሟ ክፍያ በእጅጉ ያንስ ነበር።

በውጤት በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በብዙ አገሮች ለ15 ዓመት ተማሪዎች የተሰጠው ፒሳ የተባለ ፈተና እንዳሳየው ኦኢሲዲ በሚባለው፣ በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች በተሰባሰቡበት ድርጅት አባል አገሮች የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች በንባብ በአማካይ የተሻለ ነጥብ ቢያመጡም፣ የተማሪዎቹና የትምህርት ቤቶቹ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሁኔታ ከግምት ሲገባ ብልጫው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ዞሯል። ስለዚህ ልዩነቱ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ብዙውን ጊዜ ከቤት የሚመጣ ይመስለኛል።

ከመወሰንዎ በፊት ሊያስገቡት ባሰቡበት የግል ትምህርት ቤት የሚማር የአንድ ልጅ ደብተር ለምነው ያገላብጡ። መምህሩ ስሕተቱን ለይቶ አርሞ፣ ልጁም እንደገና ሠርቶት ካዩ ትምህርት አለ፤ በየገጹ የ«ራይት» ምልክት ብቻ ከሆነ ግን የሚከፍሉት ለሕንፃው ነው። የልጅዎንም ደብተር በዚሁ ዓይን ይመልከቱት፤ ደኅና ከሆነ ባለበት ይቀጥል፤ ለክፍያ ካሰቡት ላይ ጥቂቱን ለአስጠኚና ለመጻሕፍት ያውሉት። ትምህርት ቤቱ ለልጁ ደኅንነት የሚያሰጋ ወይም መምህራን በተደጋጋሚ የማይገቡበት ከሆነ ግን ቢከብድም ማዛወሩን እደግፋለሁ።