በሜዴሊን የማታ ሰፈር ሆቴል ለሚይዙ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ኮሎምቢያዋ ሜዴሊን የሚጠይቁኝ አንባቢዎች በዝተዋል። የጥያቄው ሁሉ መድረሻ ደግሞ አንድ ሰፈር ነው፤ ኤል ፖብላዶ። በፓርኬ ዬራስ መናፈሻና በፕሮቬንሳ ሰፈር ዙሪያ ባሩ፣ ምግብ ቤቱና ጭፈራ ቤቱ ተጠጋግቶ ነው ያለው። በአዳር ከ60 እስከ 120 ዶላር የሚያስከፍሉት መካከለኛ ሆቴሎችም እዚያው መሃል ናቸው። ሰፈሩን እወደዋለሁ። ግን ካላወቁበት እንቅልፍም ገንዘብም ያሳጣል፤ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ነገር አለ። ጥያቄዎቹን ያሳጠርኳቸው እኔ ነኝ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ከባለቤቴ ጋር ለአምስት ቀን እንሄዳለን። ሆቴሉ ከፓርኬ ዬራስ የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። እንግዶች የጻፉትን ሳነብ ሠራተኞቹን ሁሉም ያመሰግናል፤ ድምፁን ግን ሁሉም ያማርራል። እንተኛ ይሆን?

መልስ፦ ክፍላችሁ በመንገዱ በኩል ከሆነ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ የለም። ሜዴሊን ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ እንዲህ ስለሚመች ሕንፃዎቹ ለብርድም ለሙቀትም ተብለው አልተሠሩም። ብዙ መካከለኛ ሆቴሎች መስኮታቸው ባለ አንድ መስታወት ነው። ኤሲ የሌላቸውም አሉ፤ እዚያ መስኮት ከፍቶ መተኛት ነው። ወለሉ ሴራሚክ ስለሚሆን የኮሪደሩ ኮቴ ሳይቀር ይሰማል። ሙዚቃው ደግሞ እስከ ሌሊቱ 9 እና 10 ሰዓት ይዘልቃል።

ስለዚህ ከሆቴሉ ይልቅ ክፍሉን ምረጡ። ከመሄዳችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ለሆቴሉ ጻፉ። በጓሮ በኩል ያለ ክፍል ጠይቁ። ጣሪያው ላይ ባር ካለ ከሥሩ ያለውን ፎቅ አትቀበሉ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ጸጥ ያለ ክፍል ስትጠይቁ ‹ኢንቴሪዮር› የሚሉትን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እሱ አንዳንዴ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት የለውም። አምስት ቀን ታፍኖ መተኛት ከጫጫታው አይሻልም። መስኮት አለው ወይ፣ ወዴት ነው የሚከፈተው ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

እሑድ ማታ ጸጥ ይላል ብላችሁም አትተማመኑ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ሕግ ብዙዎቹን የኮሎምቢያ በዓላት ወደ ሰኞ ያዛውራቸዋል። ሰኞ በዓል ከሆነ እሑድ ማታ እንደ ቅዳሜ ነው። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የበዓላቱን ዝርዝር እዩ። በነሐሴ የአበባው ፌስቲቫል ሲደርስ ደግሞ ክፍል ይጠፋል፣ ዋጋም ይሰቀላል።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ አድራሻው ሁሉ ቁጥር ነው። ሆቴሉ ከጫጫታው መራቁን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ቁጥሩ ራሱ ይነግርሃል። ካዬ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ካሬራ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱ መንገዶች ናቸው። ‹ካሬራ 43 ቢ፣ ቁጥር 11-30› ቢል ሆቴሉ ካሬራ 43 ቢ ላይ ነው፤ ከካዬ 11 ማዕዘን 30 ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። ፓርኬ ዬራስ ካዬ 10 አጠገብ፣ ካሬራ 38 አካባቢ ነው። ወደዚያ በቀረበ ቁጥር ጫጫታው ይጨምራል። የካሬራው ቁጥር እያነሰ ሲሄድ ደግሞ ዳገቱን እየወጣህ ነው። የፖብላዶ ዳገት ቀላል አይደለም፤ ሻንጣ የሚጎትት ሰው ያስበው።

ምርጫው የኔ ቢሆን ማኒላ የሚባለውን ሰፈር እይዝ ነበር። ያው ፖብላዶ ውስጥ ነው፣ ለሜትሮው ይቀርባል፣ ምግብ ቤቶቹ ጥሩ ናቸው። ወደ ጭፈራው በእግር ሄደህ፣ በታክሲ ተመልሰህ በሰላም ትተኛለህ። ከሳምንት በላይ የምትቆይ ከሆነ ላውሬሌስን እይ። ሜዳ ነው፣ ዛፍ አለው፣ የሀገሬው ሰው ይኖርበታል። ማታ መውጣት ካማረህም ካሬራ 70 እዚያው ቅርብ ነው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ አንድ የማውቀው ሰው ሊጠይቀኝ ሆቴል መጣ። እንግዳ ተቀባዩ መታወቂያ አምጣ አለው፣ መዘገበው፣ ፎቶ ኮፒም ወሰደ። የኔንም ፓስፖርት ስገባ ገልብጠውታል። ጥቁር ስለሆንን ነው እንዲህ የሚያደርጉን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የፓስፖርቱ ጉዳይ የሕግ ግዴታ ነው። በኮሎምቢያ ማንኛውም ሆቴል የውጭ ሀገር እንግዳ ሲገባና ሲወጣ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ከየትም ሀገር ብትመጣ ያው ነው።

የጠያቂው ምዝገባ ደግሞ ከባድ ታሪክ አለው። እዚህ ሰፈር ሕፃናትን ለወሲብ የሚፈልጉ ቱሪስቶች ይመጣሉ። በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) አንድ አሜሪካዊ ቱሪስት በፖብላዶ ሆቴል ውስጥ ከ12 እና ከ13 ዓመት ልጆች ጋር ተገኘ። ከተማው ተቆጣ። ከንቲባው ፌዴሪኮ ጉቲዬሬስ በዬራስና በፕሮቬንሳ ዙሪያ የወሲብ ንግድን ለስድስት ወር የሚከለክል ድንጋጌ አወጡ። ከዚያ በፊትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሕግ ቁጥር 679 ሆቴሎች ልጆችን ከዚህ ጥቃት እንዲከላከሉ ያስገድዳል። በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያው ተለጥፎ ታየዋለህ። መታወቂያ ሳይጠይቅ ማንንም የሚያስገባ ሆቴል ካገኘህ፣ እኔ ብሆን ሌላ ሆቴል እፈልጋለሁ። እነዚህ የሰው ልጆች ናቸው፤ መታወቂያ ማሳየት ለእነሱ ሲባል የሚከፈል ትንሽ ነገር ነው።

ግን አንድ ነገር አስተውል። ከአንተ ቀጥሎ የገባው ነጭ እንግዳ ጠያቂውን ሳያስመዘግብ ካለፈ፣ ያ አድልዎ ነው። በኮሎምቢያ ጥቁር ዜጎች ብዙ ናቸው፤ ባር በር ላይ ተከለከልን የሚል አቤቱታቸውም አዲስ አይደለም። አንተንም ከፓሲፊክ ዳርቻ እንደመጣ የሀገሩ ሰው ቆጥረው በስፓኒሽ ሊያዋሩህ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ ቁጥር 1482 የዘር መድልዎን ወንጀል አድርጎታል። ሥራ አስኪያጁን ጠርተህ ሕጉን በቁጥሩ ጥቀስለት።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ የ26 ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሊሄድ ነው። እዚያ መጠጥ ውስጥ የሚጨመር ነገር አለ ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ እናቴ። በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ኤምባሲ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ብቻ በሜዴሊን 8 አሜሪካውያን በአጠራጣሪ ሁኔታ ሞተዋል ይላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በስልክ መተዋወቂያ አፖች ካገኙት ሰው ጋር የተገናኙ ነበሩ።

በብዛት የሚወራለት ስኮፖላሚን ነው። ሽታም ጣዕምም የለውም። የወሰደው ሰው የታዘዘውን እሺ ይላል፣ የባንክ ካርዱን ከነቁጥሩ ይሰጣል፣ በነጋታው ምንም አያስታውስም። መጠኑ ከበዛ ይገድላል። ንጥረ ነገሩ እኛ አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ በምንለው ተክል ውስጥም አለ፤ ስለዚህ ጉዳቱን እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም።

ለልጅዎ ይህን ይንገሩት። ከአፕ ያገኛትን ልጅ ወደ ክፍሉ አያምጣ፣ እሷ ቤትም አይሂድ። ሰው የሚበዛበት ምግብ ቤት ይገናኙ፣ የት እንዳለም ለጓደኛው ይንገር። መጠጡ ፊቱ ይከፈት፣ ፊቱ ይቀዳ፤ ጥሎት ከተነሳ ተመልሶ አይጠጣው። ሲጋራም ማስቲካም ከማያውቀው ሰው አይቀበል። የሚጠቀምበትን ዋና ስልክና ካርድ ክፍሉ ውስጥ ካዝና ውስጥ ትቶ ይውጣ።

ዋናው ግን ይህ ነው፦ ጓደኛቸው ከጠጣው በላይ የሰከረ ከመሰላቸው ‹ይተኛና ይለፍለት› ብለው ክፍል ውስጥ ብቻውን እንዳይተዉት። ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 123 ይደውሉ፣ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ዘራፊ መሣሪያ ካወጣም ስልኩን ይስጥ፤ አይታገል።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ሆቴሉ 19 በመቶ ታክስ ጨምሮብኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ሀገር ቱሪስት ከሆቴል ታክስ ነፃ ነው። ፓስፖርትሽንና የመግቢያ ማህተሙን አሳይተሽ ይቀነስልኝ በይ። ሲገቡ ነው መጠየቅ፤ ደረሰኝ ከተቆረጠ በኋላ ያስቸግራል። ‹ሴጉሮ ኦቴሌሮ› የሚል ትንሽ የኢንሹራንስ ክፍያ ካየሽም ግዴታ አይደለም፣ አልፈልግም ማለት ትችያለሽ። ምግብ ቤት ውስጥ የሚጨመረው 10 በመቶ ጉርሻም እንዲሁ በፈቃድሽ ነው። እሱን ግን ብትከፍይ ደስ ይለኛል፤ ለአስተናጋጆቹ ነው የሚደርሰው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጉዞዬ በጾም ወቅት ነው። የሆቴሉ ቁርስ እንቁላልና አይብ ብቻ ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ግን አሬፓ አለ፤ ከበቆሎ ዱቄት የሚጋገር ቂጣ ነው። ያለ ቅቤና ያለ አይብ ከጠየቁ ይበላል። ፓታኮን የሚሉት የተጠበሰ አረንጓዴ ፕላንቴን (የሙዝ ዓይነት ነው) አለ፣ አቮካዶ አለ። ፍራፍሬው ደግሞ ግራናዲያ፣ ሉሎ፣ ጓናባና፣ ማራኩያ እያለ ይቀጥላል። ጭማቂ ሲያዙ ‹በውሃ› ይበሉ፤ በወተት የመምታት ልማድ አላቸው። ትልቁ ጥንቃቄ ቦሎቄው ላይ ነው። የአካባቢው ቀይ ቦሎቄ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው የሚቀቀለው፤ ሥጋው ሳህኑ ላይ ባይታይም መረቁ ውስጥ አለ። ለሙስሊም አንባቢዎቼም ይህ ይጠቅማል።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ አውሮፕላኔ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚደርሰው። ሆቴሉ ጋ እንዴት ልድረስ?

መልስ፦ ዋናው አየር ማረፊያ ሜዴሊን ውስጥ አይደለም። ሪዮኔግሮ የሚባል ከተማ ነው፣ ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ፤ ሲወጡ ይበርዳልና ሹራብ ከላይ ያድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ መንገዱን አሳጥሮታል፣ 40 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከበሩ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁትን ነጫጭ ታክሲዎች ይያዙ። በአፕ ከጠሩ ሹፌሩ ከፊት ይቀመጡ ሊልዎት ይችላል፤ እዚያ የተለመደ ነው፣ አይደንግጡ።

ከመብረርዎ በፊት ግን ለሆቴሉ አንድ መልእክት ይላኩ፦ ማታ እንግዳ ተቀባይ አለ ወይ? አንዳንድ ትናንሽ ሆቴሎች ሌሊት በሩን ቆልፈው ጥበቃ ብቻ ነው የሚተዉት። የበሩን ደወል ቦታና በዋትስአፕ የሚመልስ ቁጥር አስቀድመው ይቀበሉ። ታክሲውንም በሩ ተከፍቶ እስኪገቡ ድረስ ጠብቀኝ ይበሉት።