ከንቲባው የመንደሩ፣ ሒሳብ ቤቱ የጋራ፦ ስለ ጀርመን የገጠር ማዘጋጃዎች ለጠየቃችሁን

ከጎንደርና ከዙሪያዋ ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ አንድ ነገር ስለሆኑ አብረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ (ከማክሰኝት)፦ በወረዳ ፋይናንስ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጀርመን አገር አንድ ቢሮ የብዙ መንደሮችን ሒሳብ ይይዛል፤ መንደሮቹ ግን እያንዳንዳቸው ከንቲባና ምክር ቤት አላቸው ሲባል ሰማሁ። የእኛ ፑል (የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሒሳብ በአንድ ቦታ የሚያዝበት) ዓይነት አሠራር ነው? ገንዘቡስ የማን ነው? የሚወስነውስ ማን ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከፑል መነሳትዎ ጥሩ ነው፤ አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። በፑል የሚገለገሉት የግብርና፣ የትምህርት፣ የጤና ጽሕፈት ቤቶች የአንድ ወረዳ አካላት ናቸው። እዚያ የሚገለገሉት መንደሮች ግን እያንዳንዳቸው በሕግ ሰውነት አላቸው። መሬት ይገዛሉ፣ ይከሳሉ፣ ይከሰሳሉ፣ የንብረትና የንግድ ግብር ማባዣቸውን (የግብሩን መጠን የሚወስነውን ቁጥር) በምክር ቤታቸው ያወጣሉ። ራስን በራስ የማስተዳደር መብታቸው በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ሰፍሯል።

የማዘጋጃ ሕግ የሚያወጡት ክልሎቹ በመሆናቸው የጋራ ቢሮው ስም ይለያያል። በራይንላንድ-ፋልትስ ፌርባንድስገማይንደ፣ በኒደርዛክሰን ዛምትገማይንደ፣ በሽሌስቪግ-ሆልሽታይን አምት፣ በባየርን ፌርቫልቱንግስገማይንሻፍት ይባላል። የሁለቱን የመጀመሪያዎች ምክር ቤት ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል፤ በኋለኞቹ ሁለት የሚሰበሰቡት አባል ማዘጋጃዎች የሚልኳቸው ተወካዮች ናቸው። እዚህ የራይንላንድ-ፋልትሱን እንያዝ፤ ወደ 2,300 የሚጠጉ ማዘጋጃዎች ያሉት ክልል ስለሆነና አብዛኞቹም ትንንሽ መንደሮች ስለሆኑ አሠራሩ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው።

የመንደሩ ከንቲባ ደመወዝተኛ አይደለም። ሌላ ሥራ እየሠራ በአበል ብቻ ያገለግላል፤ የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ነው። እስከ 300 ነዋሪ ባለው መንደር ምክር ቤቱ 6 አባላት አሉት። የጋራ አስተዳደሩ ከንቲባ ግን የሙሉ ጊዜ ባለሥልጣን ነው፤ ሕዝቡ ለ8 ዓመት ይመርጠዋል፤ ሒሳብ ሠራተኞቹ፣ የግንባታ ባለሙያዎቹና የመዝገብ ሠራተኞቹ ሁሉ በእሱ ሥር ናቸው።

የመንደሩ የመቃብር ቦታ አጥር ፈረሰ እንበል። የመንደሩ ከንቲባ ለጋራ ቢሮው የግንባታ ክፍል ይነግራል። ባለሙያው አይቶ ወጪውን ይገምታል፣ በበጀቱ ገንዘብ መኖሩን ያጣራል፣ የውሳኔ ረቂቅ ይጽፋል። ከንቲባው አጀንዳውን ይዞ ምክር ቤቱን ይጠራል፤ በጥሪውና በስብሰባው መካከል ቢያንስ 4 ሙሉ ቀናት መኖር አለባቸው፤ ሕዝቡም እንዲያውቀው ይደረጋል። አባላቱ ከግማሽ በላይ ከተገኙ በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ። ከዚያ በኋላ ጨረታውን ማውጣት፣ ደረሰኙን መመርመር፣ ክፍያውን መፈጸም የጋራ ቢሮው ሥራ ነው፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን በመንደሩ ስምና በመንደሩ ገንዘብ ነው።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? አንደኛው ጥሪው ሲዘገይ ነው፤ 4ቱ ቀን ካልሞላ ውሳኔው በሥነ ሥርዓት ጉድለት ሊነሳ ይችላል። ሌላው ከንቲባው ግንበኛውን በመንገድ አግኝቶ «ነገ ጀምር» ሲለው ነው። ከዕለት ተዕለት ሥራ ያለፈ ግዴታ በጽሑፍና በፊርማ ካልሆነ መንደሩን አያስገድድም፤ የሚጎዳው ግንበኛው ነው። እኛን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን በሕግ የማይታየው ነው። ረቂቅ የጻፈ ግማሹን ወሰነ ማለት ነው፤ ማታ ከሥራ ደክመው የሚመጡ 6 አባላት ቀድመው ካላነበቡና ካልጠየቁ፣ ሥልጣኑ በወረቀት የመንደሩ ሆኖ በተግባር ወደ ባለሙያው ጠረጴዛ ይሄዳል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ መንደሮቹ ለየብቻ የሚያንቀሳቅሱት ካዝና የላቸውም። ካዝናው አንድ ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ግን በመዝገብ ተለይቶ ይያዛል። ስለዚህ የአንዱ መንደር ሒሳብ ጎድሎ ክፍያ ሲፈጸም፣ ለጊዜው የሚሸፍነው በካዝናው ያለው የሌሎቹ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። የሒሳብ ሰው ስለሆኑ አደጋው አይሰወርዎትም። ዕዳው በየጊዜው ካልተገለጸ ቆጣቢው መንደር ሳያውቅ አበዳሪ ይሆናል።

የጋራ ቢሮው የሚተዳደረው በአብዛኛው በመዋጮ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የመንደሩ መዋጮ የሚሰላበት የገቢ መሠረት 400,000 ዩሮ ቢሆንና የጋራ አስተዳደሩ 35 በመቶ፣ ከሱ በላይ ያለው ላንድክራይስ (አውራጃ መሰል አስተዳደር) ደግሞ 44 በመቶ ቢጠይቁ፣ 140,000 እና 176,000 ሄዶ ለመንደሩ 84,000 ይቀራል። ይህ ሁሉ ለጸሐፊ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የእሳት አደጋ መከላከልም የጋራ አስተዳደሩ የራሱ ተግባራት ናቸው። የመጠጥ ውሃና ፍሳሽም በእሱ እጅ ነው፤ ይህ ግን በዋናነት ተጠቃሚው በሚከፍለው ዋጋ ይሸፈናል።

በስሌቱ ሁለት ወጥመዶች አሉ። መሠረቱ ያለፈው ጊዜ ገቢ ነው፤ ትልቁ ግብር ከፋይ ድርጅት ዘንድሮ ቢዘጋ መዋጮው በአምናው ገቢ ይጠየቃል። ደግሞም የሚሰላው ክልሉ ባስቀመጠው መለኪያ ማባዣ ነው፤ መንደሩ ነዋሪውን ለማስደሰት ከዚያ በታች ቢያስከፍል፣ ላልሰበሰበው ገንዘብ መዋጮ ይከፍላል።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ወንድሜ ሥራ አግኝቶ ራይንላንድ-ፋልትስ ውስጥ ትንሽ መንደር ገብቷል። ለመመዝገብ ከንቲባው ዘንድ ቢሄድ «እዚህ አይደለም» ተባለ። ወዴት ይሂድ?

መልስ፦ እህታችን፣ ከንቲባው እውነቱን ነው። ምዝገባው የሚከናወነው በፌርባንድስገማይንደው ቢሮ፣ ቢርገርቢሮ በሚባለው መስኮት ነው። ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ 2 ሳምንት ብቻ አለው፤ ካሳለፈ እስከ 1,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። አስቀድሞ ቀጠሮ ይያዝ። ፓስፖርቱንና አከራዩ የፈረመበትን የመግቢያ ማረጋገጫ ይያዝ፤ በማረጋገጫው ላይ የአከራዩ ስም፣ አድራሻው፣ የተገባበት ቀንና ቤቱ የሚገቡት ሰዎች ስም መኖር አለባቸው። ብዙ ሰው የኪራይ ውሉን ይዞ ሄዶ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው፤ ውሉ ማረጋገጫውን አይተካም። አከራዩም ማረጋገጫውን የመስጠት ግዴታ አለበት።

ስሙን በፓስፖርቱ እንዳለው፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ብቻ ያስመዝግብ። በአንዱ ቢሮ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ከገባ ባንኩም ጤና መድኑም ሁለት ሰው አድርገው ይይዙታል። ዛሬውኑ ስሙን በፖስታ ሣጥኑ ላይ ይለጥፍ፤ የግብር መለያ ቁጥሩ የሚደርሰው በፖስታ ነው፣ ስም የሌለበት ሣጥን ጋ የመጣ ደብዳቤ ወደ ላኪው ይመለሳል።

የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመኪና ሰሌዳና ቆሻሻ ማንሳት ወደ ላንድክራይስ ይወስዱታል። ጋብቻ በጋራ ቢሮው መዝገብ ቤት ነው፤ ልደት ግን ልጁ በተወለደበት አካባቢ መዝገብ ቤት ነው። የመንደሩን አዳራሽ ለክርስትና ድግስ መከራየት ወይም ስለ መንደሩ መንገድ አቤት ማለት ሲፈልግ፣ ያኔ ከንቲባው ትክክለኛው በር ነው።

ጥያቄ (ከማራኪ ግቢ ተማሪ)፦ ለምን ሁሉንም አዋሕደው አንድ ማዘጋጃ አያደርጓቸውም?

መልስ፦ ያደረጉ አሉ። ኖርድራይን-ቬስትፋለን እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ባካሄደው ማሻሻያ ማዘጋጃዎቹን አዋሕዶ ዛሬ 396 ብቻ ናቸው። ራይንላንድ-ፋልትስ በዚያው ዘመን የመረጠው መንደሮቹን ትቶ ቢሮውን ማዋሐድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሕግ ደግሞ አንድ ፌርባንድስገማይንደ በመሠረቱ 12,000 ነዋሪ እንዲኖረው ስለተፈለገ፣ የጋራ ቢሮዎቹ ራሳቸው እየተዋሐዱ ቁጥራቸው ቀንሷል። ለነዋሪው ትርጉሙ ረዘም ያለ መንገድ ነው፤ ለባለሙያው ደግሞ የፈቃድ ወር ሲመጣ የሚተካው የሥራ ባልደረባ አገኘ ማለት ነው። ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ከሁሉም ይገርማል፤ እስከ 70 ነዋሪ ያላት መንደር ምክር ቤት እንኳ አትመርጥም፣ መራጮቿ ሁሉ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይወስናሉ፤ ውሳኔውን ፈጽሞ ደብዳቤውን የሚጽፍላት አምቱ ነው።