የጉዞ ጦማሪ ለመሆን ኮርስ ልግዛ ወይስ ኤክስፖ ልሂድ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ትሠሪያለሽ፤ የጉዞ ጦማሪ ሆነሽ በእሱ መኖር ትፈልጊያለሽ። አንድ የኦንላይን ኮርስ በ300 ዶላር አግኝተሻል። በሌላ በኩል ውጭ አገር የሚደረግ የቱሪዝም ኤክስፖ ልቤን ሳበው ብለሻል። ሥራዬን ልልቀቅ ወይ፣ በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ ከአስጎብኚነት ተነስቼ ወደ ጽሑፉ የገባሁ ሰው ነኝ። ናይሮቢም በርሊንም ኤክስፖ ላይ ተገኝቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ሥራሽን አትልቀቂ። ለደመወዙ ብቻ ብዬ አይደለም። አንቺ የቆምሽበት ቦታ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ቦታ በገንዘብም አይገኝም። እንግዳው ገና ሻንጣውን ሳያወርድ ምን ይልሻል? ሲም ካርድ የት አገኛለሁ፣ ሐረር በመኪና ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል፣ በጾም ቀን ሥጋ የሚሠራ ምግብ ቤት አለ? ደብተር ግዢና ሁሉንም ጻፊው። ከየት አገር እንደመጣም አብረሽ ያዢ። የሚደጋገመው ጥያቄ የመጀመሪያ ጽሑፍሽ ነው።

ስለ ኮርሱ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም ድረስ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር 300 ዶላር 17 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አሁን ያው ኮርስ ከ30 ሺህ ብር በላይ ነው። ይህን ያህል ከማውጣትሽ በፊት ኮርሱ መቼ እንደተቀረጸ ጠይቂ። ምክንያቱ ይህ ነው። ለብዙ ዓመታት ኮርሶቹ የሚያስተምሩት አንድ መንገድ ነበር። ሰው ጎግል ላይ የሚፈልገውን ቃል ታገኛለሽ፣ «ምርጥ አሥር ቦታዎች» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ጎብኚው ይመጣል፣ አንቺ በማስታወቂያና በሆቴል ኮሚሽን ትኖሪያለሽ። በሴፕቴምበር 2023 ጎግል የፍለጋ አሠራሩን ሲቀይር ብዙ ትናንሽ የጉዞ ብሎጎች አብዛኛውን አንባቢያቸውን አጡ። ከሜይ 2024 ጀምሮ ደግሞ ጎግል ከአሜሪካ ተነስቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ራሱ ከላይ ያስቀምጣል። ከዚያ በፊት የተቀረጸ ኮርስ የሚሸጥልሽ የተዘጋ መንገድ ነው።

ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው ሥልጠና አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሥራሽን አይቶ፣ አርሞ የሚመልስልሽ ሰው ያለበት። ፎቶ ይሁን፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ይሁን፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሁን ለውጥ የለውም። «የጻፍኩትን ታነቡልኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ «ቪዲዮውን ብቻ ነው የምታገኚው» ከሆነ ዩቲዩብ በነጻ ይበቃሻል።

እኔን ብትጠይቂኝ ከብሎግ ኮርስ ይልቅ የአስጎብኚነት ሥልጠና ይሻልሻል። እዚሁ አዲስ አበባ የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት አለ፤ የአጭር ጊዜ ሥልጠና እንዳላቸው ሄደሽ ጠይቂ። አገርን ጠንቅቆ ማወቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በጥምቀት ላሳይሽ። ብዙ የውጭ ድረ ገጾች ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው ብለው ይጽፋሉ። በአብዛኛው እውነት ነው። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ የሚመጣው ጥር 11 ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። በ2024 እንደዚያ ነበር፤ በ2028ም እንደዚያው ይሆናል። በዚያ ዓመት ጎንደር ደርሶ 19ን አይቶ በ20 ጠዋት በረራ የያዘ ሰው ከተራን ብቻ አይቶ ይሄዳል። ፋሲለደስ መዋኛ ላይ ውኃው ሲባረክ እሱ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ይህን ከትኬት በፊት የሚነግረው ጦማሪ ያስፈልገዋል። በርሊን ላይ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ቁጭ ብሎ እንዲያናግረኝ ያደረገው ስለዚህ ጉዳይ የጻፍኩት ጽሑፍ ነው። ስንት ተከታይ እንዳለኝ አልጠየቀኝም።

አሁን ወደ ኤክስፖው። ሁለት ዓይነት መሆኑን ለይተሽ እወቂ። አንዱ ጦማሪዎች ራሳቸው የሚሰበሰቡበት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚካሄደው ቲቤክስ የዚህ ዓይነት ነው። ሌላው የንግድ ኤክስፖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተጀመረውና በየማርች የሚደረገው የበርሊኑ አይቲቢ፣ በየኖቬምበር የለንደኑ ደብሊውቲኤም፣ በየሜይ ደቡብ አፍሪካ ደርባን ላይ የሚደረገው ኢንዳባ፣ በኦክቶበር መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ የሚደረገው የኬንያው ማጂካል ኬንያ ኤክስፖ። አይቲቢ ከ2023 ወዲህ ለንግድ ሰዎች ብቻ ሆኗል።

የንግድ ኤክስፖ ላይ ማንም አንቺን ብሎ አልመጣም። ሆቴሉም አስጎብኚውም ለማሳያ ቦታው (ለቡዝ) ብዙ ገንዘብ የከፈለው ጉዞ ለሚገዙ ድርጅቶች ሊሸጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ካርድሽን ይዘሽ ፊቱ ብትቆሚ ፈገግ ብሎ ይሸኝሻል። ስለዚህ ከሳምንታት በፊት ቀጠሮ ያዢ። ቀጠሮ ካላገኘሽ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ሂጂ፤ ሥራው ቀዝቅዞ ሰው ለወሬ ጊዜ ያለው ያኔ ነው። በእጅሽ አንድ ገጽ ይኑር፦ አንባቢዎችሽ እነማን ናቸው፣ ምን መሥራት ትችያለሽ፣ ዋጋሽ ስንት ነው። ስለ ራስሽ ከማውራትሽ በፊት «ደንበኞቻችሁ አዘውትረው የሚጠይቋችሁና መልስ መስጠት የሚያሰለቻችሁ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሪሴፕሽን ደብተርሽ እዚህ ጋ ይመጣል። ግማሹን መልስ ጽፈሽ ጨርሰሻል።

ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ ኢሜይል ላኪ። አጭር ይሁን፤ የተነጋገራችሁትን ነገር ጠቅሰሽ አንድ ሥራ ብቻ አቅርቢ። ብዙ ሰው ኤክስፖው ላይ ጎበዝ ሆኖ እዚህ ላይ ይጠፋል። የእኔ የመጀመሪያ ክፍያም የመጣው በማስታወቂያ ሳይሆን አንድ አስጎብኚ የድረ ገጹን ጽሑፍ እንዳድስለት ስለጠየቀኝ ነው። እስከዛሬም አብዛኛው ገቢዬ እንደዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ብሎጉ ሥራዬን የማሳይበት ቦታ ነው።

የነጻ ጉዞ ግብዣ ሲመጣ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን የነጻ አዳር ደመወዝ አይደለም። አንድ ሎጅ ሁለት ሌሊት አሳድሮኝ ስለ መንገዱ መበላሸት የጻፍኩትን አንድ መስመር ካላወጣህ ብሎ አስጨንቆኛል። አላወጣሁም። ከመሄድሽ በፊት ስንት ጽሑፍ፣ መቼ፣ ትራንስፖርቱን ማን እንደሚከፍልና ያየሽውን በነጻነት እንደምትጽፊ በጽሑፍ ተስማሙ። በግብዣ እንደሄድሽም ለአንባቢሽ ንገሪው። አሜሪካ ውስጥ ይህ የሕግ ግዴታ ነው። እኛም ጋ ሕግ ኖረም አልኖረም አንባቢሽን ማክበር ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ በርሊን አልመክርሽም። የሼንገን ቪዛው አለ፣ በዚያ ሳምንት የሆቴሉ ዋጋም አይቀመስም። ናይሮቢ ጀምሪ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ጊዜ ካለሽ በሞያሌ በአውቶቡስም ይኬዳል። ግን ጥሩ ጽሑፎች ሳይኖሩሽ እዚያም አትሂጂ። «የት ላንብብልሽ?» ሲሉሽ ስልክሽን አውጥተሽ የምታሳዪው ነገር ይኑር።

ስለ ቋንቋው፣ የውጭ እንግዳ ለሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ጻፊ። ኢትዮጵያዊ ተጓዥ ግን በአማርኛ በቂ መረጃ የለውም። ወንጪ ወይም ባሌ ቤተሰቡን ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው መንገዱን፣ ማደሪያውን፣ የልጆች ምግቡን የሚነግረው አጥቶ በስልክ ዘመድ ያስጨንቃል። እዚያ ላይ ብትጽፊ እኔም አነብሻለሁ። ለአስጎብኚ የምትልኪውን የመጀመሪያ ኢሜይል ደግሞ ከመላክሽ በፊት እዚሁ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን።