አፍ ውስጥ ስለሚወጡ እብጠቶች፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የጥርስና የአፍ ሐኪም ነኝ። ስለ ምራቅ ዕጢ እብጠት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን ከታች እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። በአማርኛ ዕጢ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንዱ አብሮን የተፈጠረው፣ ምራቅ የሚያመነጨው ነው። ሌላው በሽታ ሆኖ የሚያድገው ነው። ሰው «የምራቅ ዕጢህ ነው» ሲባል ክው የሚለው ሁለተኛው እየመጣበት ነው። ትልልቆቹ የምራቅ ዕጢዎች ሦስት ጥንድ ናቸው፦ ከጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር። ከ600 እስከ 1000 የሚደርሱ ጥቃቅኖች ደግሞ በከንፈር፣ በጉንጭና በላንቃ ተበትነዋል። ስለዚህ ሁሌም መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ጋ ነው?» ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ9 ዓመት ልጄ የታችኛው ከንፈሩ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣበት። ይፈነዳል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ጎረቤቴ በመርፌ ብጪው አለችኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አትብጪው። እንደ አነጋገርሽ ሙኮሲል የሚባለውን ይመስላል። ልጁ ከንፈሩን ሲነክስ ወይም ሲወድቅ ትንሿ የምራቅ ቱቦ ትበጠሳለች። ዕጢዋ ግን ሥራዋን አታቆምም። ምራቁ መውጫ ሲያጣ እዚያው ይጠራቀማል። ብትበጪው ውሃው ይፈሳል፤ ቱቦዋ ግን እንደተበጠሰች ናት። መልሶ ይሞላል፤ በዚያ ላይ ሊያመረቅዝ ይችላል። አንዳንዱ በራሱ ይጠፋል። እንደ ልጅሽ የሚመላለስ ከሆነ ግን ሐኪም በማደንዘዣ፣ ምራቁን ከምታፈስሰው ዕጢ ጋር ያወጣዋል። ዕጢዋ ከቀረች ድካሙ ከንቱ ነው። ከንፈሩን የመንከስ ልማድ ካለውም አስተዪው።

ጥያቄ፦ የእኔም ከንፈር ላይ ነው፤ ግን የላይኛው። ጠጠር ያለ ነው፣ አያምም። ዓመት አልፎታል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ይለያል። ሙኮሲል በላይኛው ከንፈር ላይ ብዙም አይታይም። እዚያ ጠንከር ብሎ ቀስ እያለ የሚያድግ ነገር ሲኖር ከትንሿ የምራቅ ዕጢ የተነሣ እድገት እንጠረጥራለን። አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ይህን በእርግጠኝነት የሚነግርህ ግን የፓቶሎጂ ምርመራ፣ ማለትም ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻ ነው። አለማመሙ አያዘናጋህ፤ በዚህ ወር ውስጥ ታየው።

ጥያቄ፦ ምግብ ስጀምር ከመንጋጋዬ ሥር ድብን አድርጎ ያመኛል፣ ያብጣልም። ከዚያ ቀስ ብሎ ይጎድላል። በጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስቀምስማ ይብስብኛል።

መልስ፦ ይህ የምራቅ ጠጠር ይመስላል። ምግብ አፍዎ ሲገባ ምራቅ ይመነጫል፤ ቱቦው ስለተዘጋ ዕጢው ይወጠራል። ከአሥሩ ጠጠሮች ስምንት ያህሉ የሚገኙት በዚሁ ከመንጋጋ ሥር ባለው ዕጢ ነው። ምራቁ ወፍራም ነው፣ ቱቦው ረጅም ነው፣ ፍሰቱም ወደ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ሲቆዩ ምራቁ ይበልጥ ይወፍራል። ውሃ በደንብ ይጠጡ፣ ሎሚ ይምጠጡ፣ ሙቅ ጨርቅ አድርገው ዕጢውን ከኋላ ወደ ፊት ይሹት። ትንሽ ጠጠር እንዲህ ሊወጣ ይችላል። ትልቁን ሐኪም ያወጣዋል። ትኩሳትና መግል ከመጣ ግን ቤት አይቆዩ። የአፍ ወለል ሲያመረቅዝ እብጠቱ መተንፈሻን እስከ መዝጋት ይደርሳል።

ጥያቄ፦ እናቴ ላንቃዋ ላይ ድፍን እብጠት አለ። ይውጣ ተባለች። ዘመድ ግን «ብረት ከነካው ይዛመታል» እያለ አስፈራራት።

መልስ፦ ይህን አባባል በየጊዜው እሰማለሁ፤ ብዙ ሰው አዘግይቷል። በምራቅ ዕጢ ላይ በብዛት የሚታየው እድገት ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ይባላል። ካንሰር አይደለም። በአብዛኛው ከጆሮ ፊት ይወጣል፤ ከጥቃቅኖቹ ዕጢዎች ደግሞ ላንቃን ይመርጣል። ለዓመታት ተወት ሲደረግ ግን ጥቂቱ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ሌላም አለ፦ የምራቅ ዕጢው ባነሰ ቁጥር እዚያ የሚያድገው ነገር ካንሰር የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ የላንቃ እብጠት ቀላል አይደለም። ዘመዳችሁ የሰማው መነሻ ሳይኖረው አይቀርም። እብጠቱ ሲወጣ ከፈነዳ ወይም ቁራጭ ከቀረ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ብዙ ሆኖ። ለዚህ ነው አስቀድሞ ናሙና ተወስዶ፣ ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋ ጥቂት ጨምሮ ሙሉ በሙሉ የሚወጣው። እናትሽን አበረታቻት፣ ቀጠሮዋም አይለፍ።

ጥያቄ፦ የልጄ ምላስ ሥር በአንድ ወገን ሰማያዊ፣ ለስላሳ ነገር ተነፍቷል።

መልስ፦ ራኑላ ሊሆን ይችላል። ስሙ በላቲን ትንሽ እንቁራሪት ማለት ነው፤ የእንቁራሪት ሆድ ስለሚመስል። ከሙኮሲል ጋር ሥሩ አንድ ነው። ትልቅ ከሆነ ወይም ከተመላለሰ ከምላስ ሥር ያለው ዕጢ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ከጆሮዬ ፊት ያበጠው ጆሮ ደግፍ ነው?

መልስ፦ ጆሮ ደግፍ ትኩሳትና ሕመም ይዞ በድንገት ይመጣል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ይሄዳል። በአዋቂ ሰው፣ በአንድ ወገን፣ ሳያም ወራት የቆየ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የፊት ነርቭ ከጆሮ ፊት ባለው የምራቅ ዕጢ ውስጥ ያልፋል። ፊትህ ወደ አንድ ወገን ከዞረ ወይም ዓይንህ አልከደን ካለ ነገ አትበል፤ ዛሬውኑ ሂድ።